ፔዳሉን የያዘው እንጨት

እንቅልፍ ያኮረፈ ዘመድ ነው፤ በለመኑት ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ከልብስ ማጠቢያው የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ዐይኑ በቁሙ ይከደን ነበር፣ አሁን መጋረጃውን ዘግቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ሲጋደም ግን ያ ሁሉ እንቅልፍ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። አንድ ሰዓት ብቻ፣ ይላል ለራሱ፣ ልተኛ፣ ከዚያ ወርጄ መኪናዋን እሠራታለሁ፤ ከየት ያመጣኸው አንድ ሰዓት ነው፣ ይላል መልሶ ራሱ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚህ ግቢ ካልወጣህ ዘጠኝ ተኩል ለቀጠሮህ እዚያ ከተማ አትደርስም፣ ዘጠኝ ተኩል ካልደረስክ ፋይሉ ይዘጋል፣ ፋይሉ ከተዘጋ የጉዞ ወረቀት የለም፣ የጉዞ ወረቀት ከሌለ አባትህን በሕይወት አታየውም፣ አለቀ። ደብዳቤው ትራሱ ሥር ነው። ስምንት ዓመት የጠበቀው ደብዳቤ። በቀጠሮው ቀን ያልተገኘ አመልካች ጉዳዩን እንደተወ ይቆጠራል ይላል ሦስተኛው መስመር፣ በቃሉ ይዞታል፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ሦስተኛውን መስመር እንዲህ አልያዘውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይል ነበር አባቱ፣ እዚህ አገር ግን ወረቀት መልቀቅም ያውቅበታል። ታላቅ እህቱ ትናንት ደውላ ነበር። ሐኪሙ ቀን አልቆረጠም አለች፣ ግን ምግብ ትቷል፣ ሲተኛ ሳንባው እንደ ድስት ይንተከተካል፣ ሲነቃ ስምህን ይጠራል፣ አሁንስ ምን ልበለው? እመጣለሁ በይው አላት። ስንቴ ልበለው? አለችው። ይሄኛው የመጨረሻው ነው አላት፣ ነገ ወረቀቴ እጄ ላይ ነው፣ መኪናዬ አለች፣ ነድቼ ሄጄ ተቀብዬ እመጣለሁ። መኪናዬ አለች! ሰው አፉ የሚያመጣበትን ቢያውቅ ዝም ይል ነበር።

መኪናዋማ አለች። ዛሬ ማለዳ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰምጦ እዚያው ቀረ። በእግሩ ጣት ስቦ አነሳው፣ ረገጠው፣ እንደገና ወረደ፣ ምንም ሳይከብድ፣ ምንም ሳይገፋ፣ ውሃ ውስጥ የመርገጥ ያህል። ማርሽ አይገባም። የማጠቢያው ሠራተኞች የሚቀልዱባት መኪና ሰባት ዓመት ሳታሳፍረው ኖራ ዛሬን መረጠች። ገፍቶ አጥሩ ጥግ አቆማት። ወዲያው ገብቶታል እኮ፣ የመካኒክ ልጅ ነው፤ ከላይኛዋ ፖምፓ ወደታችኛዋ የሚወርደው ቱቦ መጋጠሚያው ላልቶ ዘይት ሲያንጠባጥብ ሰንብቷል፣ ዘይቱ በወጣበት አየር ገብቷል፣ ዘይት ገፍተኸው ይገፋል፣ አየር ግን ገፍተኸው ይጨመቃል እንጂ ለማንም አይገፋም። መጋጠሚያውን አጠበቀው። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው። እሱን ትቶ ስልክ ያዘ፣ ምናለ ሌላ መንገድ ቢኖር። ወደዚያ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን አንዴ ነው፣ እሱ አንሶላ ሲያጥፍ ሄዷል። ታክሲዎቹ ለዚያ ያህል መንገድ ከአንድ ቀን በፊት ካልተነገረን አንሄድም አሉ። ቀጠሮውን ለማዛወር መሥሪያ ቤቱ ደወለ፣ አንዲት የማትቆጣ የማትራራ የማሽን ሴት ለዚህ አንድን ይጫኑ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ ስትለው ቆይታ፣ እርስዎ በተራ አርባ ሦስተኛ ነዎት አለችው፣ ሙዚቃ ከፈተችለት፣ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አርባ አንደኛ ነዎት አለችው፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለት ሰው በሃምሳ ደቂቃ፤ በዚህ አካሄድ ተራው ሲደርሰው አባቱ ተዝካሩ ይወጣለታል። ምላሴን ይቁረጠው አለ ወዲያው፣ ጮክ ብሎ፣ ለባዶ ክፍል። ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ከአልጋው ተነሳ።

ግቢው አራት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት መስኮት፣ መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ፣ ግድግዳው ላይ በብረት የተጻፈ ማስታወቂያ፤ በግቢው ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው። ከማስታወቂያው ሥር ክሪኩን አስገብቶ የፊቷን ጎማ አነሳ፣ ካርቶን አነጠፈ፣ አስር ቁጥር መፍቻ፣ ግማሽ ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ደረደረ። ዕቃ ሁሉ ሞልቶ ተርፏል። የጎደለው አንድ እግር ነው። ይሄ ሥራ ከመኪና ሥራ ሁሉ ለብቸኛ ሰው የማይሆን ሥራ ነው፤ አንዱ ከላይ ተቀምጦ ፔዳሉን እየደጋገመ ይረግጥና መጨረሻ ላይ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ትንሿን ቡሎን ሲፈታት አየርና ዘይት ፊጭ ብሎ ይወጣል፣ ያጠብቃታል፣ ከዚያ ከላይ ያለው ይለቅቃል፣ እንደገና ይረግጣል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያለው ሰው ፍሪሲዮን ሲሠራ የዋለ ሰው ይመስለዋል። በአባቱ ጋራዥ ሥራው ድምፅ ነበረው። ከሥር «ያዝ!» ሲባል ከላይ «ያዝኩ!»፣ ከሥር «ልቀቅ!» ሲባል ከላይ «ለቀቅኩ!»፣ እንደ ቅዳሴ ነው፣ ተሰጥኦው ሳይመለስ ወደፊት አይኬድም። ድሮ አንድ ሠራተኛ መልስ ሳይጠብቅ እጁን ልኮ የሌባ ጣቱን ጫፍ ካጣ ወዲህ አባቱ ሕግ አወጣ፤ ከላይ ያለው «ለቀቅኩ» ሳይል ከሥር ያለው አይነቃነቅም፣ ቤት ቢቃጠል አይነቃነቅም። ሁሉ ነገር ሲያልቅና ዘይቱ ያለ አረፋ ሲወርድ ደግሞ አባቱ ከሥር ሆኖ «በቃ፣ አስነሳ!» ይላል፣ ያቺን ቃል ሲላት ድምፁ ሌላ ነው፣ ሙሽራ የሚሸኝ ሰው ድምፅ ነው። እሱ ከላይ ተቀምጦ የረገጠባቸው ዓመታት ስንት ናቸው? አባቱን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በጫማው ነው ማለት ይቻላል፣ ከመኪና ሥር በወጡ ሁለት ጫማዎችና ከወለሉ ሥር በሚመጣ ድምፅ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

የግቢው ተቆጣጣሪ ነው። ቁልፎቹን በወገቡ ታጥቆ ቆሟል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክረምት ላይ በር ተዘግቶበት አስገብቶት ያውቃል፣ ግን ማስታወቂያውን የሰቀለው እሱ ነው።

«እያጸዳኋት ነው።»

«ከሥሯ?»

«ከሥሯም ትቆሽሻለች።»

ተቆጣጣሪው ዝቅ ብሎ ክሪኩን አየ፣ ዘይቱን አየ፣ ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አየ። ያን ጊዜ ይሄ የእኛ ሰው ልመና ጀመረ። ለምኖ አያውቅም፣ በዚህ አገር ቋንቋ ልመና ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠይቅ እንኳ አልተማረም፣ ባለው ቃል ለመነ።

«አንድ ነገር ልለምንህ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ። በግራ እግርህ ይሄን ትረግጣለህ። ያዝ ስል መያዝ፣ ልቀቅ ስል መልቀቅ። ግማሽ ሰዓት ነው። አባቴ ታሟል።»

«አባትህ መኪናው ውስጥ ነው?»

«አይደለም። ሩቅ ነው።»

ሰውየው ፔዳሉን አየ፣ የገዛ እግሩን አየ። ለአንድ አፍታ የሚቀመጥ መሰለ። ከዚያ ወደ መስኮቶቹ ቀና አለ።

«አንዱ ቢያየኝ ሥራዬ ይሄዳል» አለ። «እኔ አላየሁህም። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ዙር አለኝ፣ ያን ጊዜ ማየቴ አይቀርም። ካየሁ ጎታች መጥራት አለብኝ።»

ሄደ። አትፍረድበት፣ ይላል ለራሱ ካርቶኑ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ማን ነህና ትፈርዳለህ፣ አንተ እግርህን ማንን እንደነፈግክ አታውቅም? ያውቃል። ማለዳ ፔዳሉ የሰመጠ ጊዜ ነው ያወቀው፣ እንቅልፍም የነሳው እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይሄን ሥራ የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ፣ ዘዴውን ያወቀው ከማንም ተምሮ ሳይሆን ራሱ ሠርቶት ነው። ደረጃውን ወጣ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ መጥረጊያውን አነሳ፣ እጀታውን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ቀጨው፣ ስብራቱን ሲያየው ያው የድሮው እንጨት መሰለው።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ያን ዕለትም ረፋድ ነው። ጋራዡ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ አሉ፣ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና፣ አባቱ ከሥሯ፣ እሱ ከላይዋ። ሻንጣው ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ ተደብቋል፣ ድንበር የሚያሻግረው ሰው አምስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ ነበርኩ አይል ነገር። ማታውን ሙሉ እነግረዋለሁ ሲል አደረ፣ ቁርስ ላይ እነግረዋለሁ አለ፣ እጅ ሲያስታጥበው እነግረዋለሁ አለ፤ አባቱ ግን ቁርሱን እየበላ የጋራዡን በር ማን እንደሚቀባው፣ የእሱ ስም በሩ ላይ በምን ቀለም እንደሚጻፍ ያወራል፣ ከእንግዲህ ጋራዡ ያንተ ነው ይላል፣ ለዚህ ፊት ምን ተብሎ ይነገራል? «ያዝ!» ይላል ከሥር። «ያዝኩ!» ይላል ከላይ። እንዲህ እያለ ከወንበሩ አጠገብ የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ ያያል፣ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ፔዳሉ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ወንበሩ ሥር ያስገባዋል፣ ልክክ ይላል፣ በልኩ የተቆረጠ ይመስል። እግሩን ቀስ ብሎ ያነሳል። ፔዳሉ አይመለስም። ጫማውን በእጁ ይዞ ይወርዳል፣ ሻንጣውን ያነሳል፣ የአባቱን ሁለት ጫማዎች በጎናቸው ያልፋል። በሩ ላይ ሲደርስ «ልቀቅ!» ሲል ይሰማል። መንገዱ ላይ ሲወጣ «ልቀቅ!» ይላል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አሁንም «ልቀቅ!»፣ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ ሁልጊዜ እንደሚለው። ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ ያወራሉ፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጉንፋኑ ተሻለህ፣ ስለዚያ እንጨት ግን አንድ ቀን አንድ ቃል፣ ከዚህም ከዚያም። አባቱ ተኝቶ ስንት ጊዜ ተጣራ? መቼ ተነሳ? እንጨቱን ሲያየው ፊቱ ምን መሰለ? ፊቱን ስንት ሺ ጊዜ ሣለው፣ ሲስለው ሲያጠፋው ስንት ሌሊት አንሶላ አጠፈ።

አሁን ይረግጣል፣ አስር ጊዜ ይረግጣል፣ በመጨረሻው እንጨቱን ይወትፋል፣ ከመኪናዋ ይወርዳል፣ በጀርባው ይገባል፣ ቡሎኗን ይፈታል፣ ቱቦዋ አረፋ ትተፋለች፣ ያጠብቃል፣ ይወጣል፣ እንጨቱን ይነቅላል፣ ፔዳሉን በእጁ ስቦ ያነሳል፣ እንደገና። አንዴ ረጋጭ አንዴ ፈቺ፣ ራሱን ያዝ ልቀቅ ማለት ያሳፍራል፣ በልቡ ግን ይላል። ክርኑ ተላጠ፣ ዘይቱ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ይለበልበዋል። ሦስት ዙር፣ አምስት ዙር፣ ሰባተኛው ላይ አረፋው ቀነሰ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሽ ከበደ፣ ልቡ ዘለለች፣ ቸኮለ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሰዓቱን አላየም፣ ዘይት መያዣዋንም አላየም። አሥረኛው ላይ ቱቦዋ ንጹሕ አየር ብቻ አወጣች። ሮጦ ሄዶ የመያዣዋን ክዳን ከፈተ፣ ታቿ ታየው፣ ደርቃለች። ፖምፓዋ ከላይ ዘይት ሲያልቅባት ያገኘችውን አየር ምጋ ወስዳ መንገዱን ሁሉ ሞልታዋለች፣ የሠራው ሁሉ ገደል ገባ፣ በመጀመሪያ ሳምንት ተማሪ የሚሠራው ስሕተት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እሱስ ምን ይለቅማል፣ አንዱ ጠርሙስ አልቋል፣ ያለው አንድ ነው። ሰባት ከሃያ ሆኗል። መኪናዋን ተደግፎ ተቀመጠና አለቀሰ። አላለቀስኩም ሊል ይችላል ነገ፣ ዘይት ዐይኔ ገብቶ ነው ሊል ይችላል፤ አልቅሷል፣ በእጁ ጀርባ ንፍጡን እየጠረገ፣ አርባ መስኮት እያየው። አትደርስም አለ ራሱን። አንተ ለመድረስ አልተፈጠርክም፣ አንተ የተፈጠርከው ለመሄድ ነው።

ግን ሰው ተስፋ ቢቆርጥም እጁ የለመደውን አይረሳም። ተነስቶ ዘይቱን ሞላ። አሁን በየሁለት ዙሩ መያዣዋን ያያል። አንድ፣ ሁለት፣ ያያል፣ ይሞላል። ሦስት፣ አራት። ስልኩ ካርቶኑ ላይ ጮኸ፣ ከመኪናዋ ሥር ነው ያለው፣ ቱቦዋን ተክሎ ቡሎኗን ፈትቷል፣ በዘይት ጣቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«አንተ» አለች እህቱ። «ነቅቷል። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግልሃለሁ፣ ቶሎ በል፣ ትንፋሽ የለውም።»

«አባዬ?»

«ቀጮ።» እሱን ቀጮ የሚለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ከቃሉ ኋላ ያ እህቱ ያለችው መንተክተክ ይሰማል። «የት ነህ?»

ይዋሽ? «መኪና ሥር።»

«ምን ሆነች?»

«ፍሪሲዮኗ አየር ገባባት።»

ማዶ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፣ ሳል መሰለው፣ ሳቅ ነው። «እሷ ዘይት በሚሄድበት አየር ገባባት፣ እኔ አየር በሚሄድበት ውሃ ገባብኝ። ብንለዋወጥ ለሁለታችንም ይሻል ነበር።»

«አባዬ አትድከም፣ እኔ ልናገር፣ ዛሬ እኮ ወረቀቱን…»

«ማን ረገጠልህ?»

ቱቦዋ ውስጥ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ስትወርድ ያያል። ሰው አለ ማለት ይችላል፣ ጓደኛ አለ ማለት ይችላል፣ አባቱም ልጄ ብቻውን አይደለም ብሎ ደስ ይለዋል።

«እንጨት ነው» አለ።

«የመጥረጊያ?»

መፍቻዋ ከእጁ ወደቀች። «የመጥረጊያ» አለ።

«አውቅ ነበር።» ትንፋሽ። «ያን ዕለት ጣቴ ፔዳሉ ከሥር የሚገፋው ዘንግ ላይ ነበር። ሰው ፔዳል ሲይዝ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጉ ላይ ይሰማል። ያንተ ደግሞ ይብሳል። እኔ ያንተን እግር መቶ እግር ውስጥ አውቀዋለሁ።» ትንፋሽ። «ያን ዕለት ዘንጉ ቀጥ አለ። እንጨት አይንቀጠቀጥም።»

«ታዲያ ለምን ትጣራ ነበር? እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰምቼሃለሁ እኮ! ለምን ልቀቅ ትል ነበር?»

«ዝም ብል እንዳወቅኩ ታውቃለህ። ካወቅክ ትመለሳለህ። ብትመለስ…» ቃሉ ተቋረጠበት፣ ረጅም ጊዜ ተንተከተከ፣ እህቱ ይበቃሃል ስትለው ይሰማል። «ብትመለስ፣ በእኔ የተነሳ ቀረሁ የሚል ቂም ይበላህ ነበር።»

«ይቅር በለኝ አባዬ። ይቅር በለኝ።»

«እሱ ድሮ አልቋል። መልሴን ግን አልሰጠኸኝም። ከሥር ያለው መልስ ሳይሰማ አይነሳም፣ ሕጉን ረሳኸው?» ትንፋሽ። «ስምንት ዓመት መኪና ሥር ነኝ።»

ማልቀስ አይቻልም፣ በጀርባው ተኝቶ እንባው ወደ ጆሮው ይገባል፣ ቱቦዋ ትደበዝዝበታለች።

«ዘይቱ ምን ይመስላል?» አለ አባቱ።

በእጅጌው ዐይኑን ጠርጎ አየ። «ጠርቷል። አረፋ የለውም።»

«አጥብቅ።»

«አጠበቅኩ።»

«ልቀቅ።»

ስልኩን ካርቶኑ ላይ ትቶ በክርኑ እየዳኸ ወጣ፣ ጉልበቱን አስፋልቱ ላይ አድርጎ በበሩ እጁን አስገባ፣ እንጨቱን ጨብጦ ነቀለው። ፔዳሉ ስቦ ሳያነሳው፣ በራሱ ጉልበት፣ መዳፉን እየገፋ ወደ ላይ መጣ። አንድ ጊዜ ወደ ታች ጫነው። ከበደው። ደግሞ መጣ።

«ለቀቅኩ!» አለ። ጎንበስ ብሎ ወደ ስልኩ ጮኸ። «ለቀቅኩ፣ አባዬ!»

ከማዶ መልስ የለም።

«አልሰማህም» አለች እህቱ። «እጄ ዝሎ ስልኩን ዝቅ አድርጌው ነው። ዐይኑን ከደነ። ቆይ… ቆይ ላስጠጋው። በል፣ አሁን በል።»

«ለቀቅኩ! ለቀቅኩ! ለቀቅኩ አባዬ!» ድምፁ በአራቱ ግድግዳ እየተጋጨ ዞረ፣ አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ሌላ መስኮት ተከፈተ። የሚባለው አንዴ ነበር፣ እሱ ግን ስምንት ዓመት የተጠራቀመውን ሁሉ አለው። ከዚያ አዳመጠ። መንተክተኩ አለ። አንዴ። ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

«ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ» አለች እህቱ፣ ድምፅዋ ለሁለት ተሰንጥቋል። «‹በቃ፣ አስነሳ› ይልሃል።»

ክሪኩን ሲያወርድ፣ ቱቦዋን ሲነቅል፣ ካርቶኑን ሲረግጥ፣ ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ሲዳስስ አያስታውሰውም። ስምንት ከሃያ ሆኗል። ከግቢው ማዶ ተቆጣጣሪው በዝግታ ይመጣል፣ እጅግ በዝግታ፣ መሬቱን እያየ ነው የሚራመደው። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ያለው አንድ ሰዓት ከአሥር፣ እዚያ በር ላይ ያለው ሰው ሦስተኛውን መስመር ያነብለት ይሆናል፣ ያነብለታል፣ ምን ጥርጥር አለው። ስልኩ ጎኑ ወንበር ላይ እንደተከፈተ ነው፣ እህቱ አትናገርም፣ የአባቱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣ እንደሆነ እየጠበቀ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። የግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ረገጠ፣ ያዘ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።